አንድ የቴአትር ዘፈን በአምስት አንደበት

አንድ የቴአትር ዘፈን ከመድረክ ወርዶ ከድምፃዊ ወደ ድምፃዊ ሲሸጋገር፣ ዜማው ሳይለወጥ መልእክቱ ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው በርቶልት ብሬኽት ግጥሙን፣ ኩርት ቫይል ዜማውን የደረሱት የ«ማኪ ባለቢላው» ዘፈን ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» በኦገስት 31 ቀን 1928 በበርሊን ከተማ ለተመልካች ከመቅረቡ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የወንበዴዎቹን አለቃ የሚጫወተው ሃራልድ ፓውልሰን ገጸ ባሕርይው በዘፈን እንዲተዋወቅለት ጠየቀ። ደራሲዎቹም ዘፈኑን በጥድፊያ ጻፉት፤ ነገር ግን ለእርሱ ሳይሆን ለጎዳና ዘፋኝ ሰጡት። አርአያ ያደረጉትም በጀርመን የገበያ ቦታዎች የነፍስ ግድያ ታሪክን በሥዕል እያመለከቱ የሚያዜሙትን ተራኪዎች ነበር።

የዘፈኑ ኃይል ያለው በግጥሙና በዜማው መካከል ባለው ተቃርኖ ላይ ነው። ግጥሙ ወንጀልን በወንጀል ላይ እየቆለለ፣ ሰባት ሕፃናትና አንድ አዛውንት እስካለቁበት የለንደን ቃጠሎ ድረስ ይዘልቃል። አጭሩ ዜማ ግን ሳያዝንና ሳይቆጣ ያንኑ ይደጋግማል። ፍርዱ ለአድማጩ የተተወ ነው።

ይህን የጎዳና ዘፋኝ በመጀመሪያው ምሽት የተጫወተው ኩርት ጌሮን ነበር። ብሬኽት ራሱም በ1929 ዘፈኑን በሸክላ አስቀርጿል። ድምፁ ያልተገራ ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየረገጠ፣ ‹ረ›ን እያንከባለለ፣ በችሎት ፊት እንደቆመ ምስክር ይናገራል። ለማስደሰት አይጥርም።

በ1955 ሉዊ አርምስትሮንግ ማርክ ብሊትስታይን ወደ እንግሊዝኛ በመለሰው ግጥም ዘፈኑን በጃዝ ስልት አቀረበው። በ1928 በተውኔቱ የተጫወተችው የቫይል ባለቤት ሎተ ሌንያ በቀረጻው ቦታ ስለነበረች፣ ስሟን በዘፈኑ ከሚጠሩት ሴቶች መካከል ጨመረው። በሻካራ ድምፁ ውስጥ ሣቅም ሥጋትም አለ፤ የሕፃናቱ ቃጠሎ ግን የለም።

በ1959 በወጣው ሸክላ ቦቢ ዳሪን ከአጃቢ ኦርኬስትራ ጋር ዘፈኑን በግማሽ ድምፅ ደጋግሞ ከፍ እያደረገ አዜመው። ዳሪን የጨመረው ይህ ሽቅብታ፣ በመጀመሪያው ቅጂ ያልነበረ የድል ስሜት አመጣ፤ ነፍሰ ገዳዩም የከተማው ዘናጭ ሆነ። ሸክላው በአሜሪካ ለ9 ሳምንታት የአንደኝነትን ደረጃ ይዞ ቆየ።

በ1960 ኤላ ፊትዝጀራልድ ዘፈኑን ወደተወለደባት ከተማ ወደ በርሊን ይዛው መጣች። በመካከሉ ግጥሙ ቢጠፋባትም አልቆመችም፤ አርምስትሮንግንና ዳሪንን በስም እየጠራች በቦታው አዲስ ግጥም ፈጠረች። ችሎታዋ የሚደነቅ ነው። ይሁንና ዘፈኑ በዚያ ምሽት ስለ ሟቾቹ መናገሩን ትቶ ስለ ዘፋኞቹ የሚናገር ሆኗል። በዚያችው በርሊን መጀመሪያ የዘፈነው ጌሮን ግን አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 አገሩን ለቆ ተሰዶ፣ በ1944 በአውሽቪትስ ተገድሏል።

ስለዚህ ዘፈንን ከተውኔት ነጥሎ የሚያቀርብ ባለሙያ የድምፁን ውበት ብቻ ማመዛዘኑ አይበቃውም። የትኛው ስንኝ እንደቀረ፣ በቀረውም ስንኝ የማን ሞት አብሮ እንደተዘነጋ መመርመር ይኖርበታል።