የፈጣን ሞተር ጀልባ አለመረጋጋት፦ መንስኤዎቹና የማስተካከያ ቅደም ተከተሉ

በኋላ ግድግዳቸው ላይ ሞተር የሚገጠምላቸው ፈጣን ጀልባዎች ለቁጥጥር፣ ለነፍስ አድንና ለቱሪዝም አገልግሎት ይውላሉ። ጀልባው ፍጥነት ሲያጣ፣ ሲወዛወዝ ወይም መሪው ሲከብድ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሞተር እንዲገዛ ነው። ይሁንና መንስኤው የአገጣጠም ወይም የጭነት አደላደል ጉድለት ሊሆን ስለሚችል፣ ከግዥው በፊት ምርመራ ማካሄድ ያስፈልጋል። በአምራቹ ሰሌዳ ላይ ከተወሰነው የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር መግጠም ችግሩን ከማስወገድ ይልቅ አደጋውን ያባብሰዋል።

የከፍታ ተጽዕኖ

ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከፍታ፣ አየር በራሱ የሚስብ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የጣና ሐይቅ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ በባሕር ዳርቻ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በዚያ የሚሰጠው ወደ 82 ገደማ ብቻ ነው። ዘመናዊ የነዳጅ መርጫ የነዳጁን መጠን ከአየሩ ጋር ቢያመጣጥንም የጎደለውን አየር አይተካም። ስለዚህ በባሕር ወለል ከፍታ ተሞክሮ የመጣ ጀልባ ሐይቁ ላይ ሲደርስ ፕሮፔለሩ ሊከብደው ይችላል።

ከመለኪያ መጀመር

የተለመደውን ጭነት ይዞ፣ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ይመዘገባል። ለብዙ ባለአራት ምት ሞተሮች የሚፈቀደው ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ሲሆን፣ ትክክለኛው ልክ በሞተሩ መመሪያ ላይ ይገኛል። የዙሩ ቁጥር ካነሰ ፒቹ አነስተኛ የሆነ ፕሮፔለር ይገጠማል። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ሊጓዝ የሚገባው ርቀት ሲሆን፣ በ1 ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ያው ጀልባ ከ600 ሜትር በታች ወደሚፈሰው የባሮ ወንዝ ክፍል ቢዛወር ግን ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይዞር ልኬታው በድጋሚ መከናወን አለበት።

የመንሸራተት መጠንም ይሰላል። ለምሳሌ ሞተሩ 5,500 ዙር፣ የጥርሱ ምጥጥን 2 ለ1፣ ፒቹ 19 ኢንች ቢሆን የስሌቱ ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሳተላይት መለኪያ የተገኘው 70 ከሆነ መንሸራተቱ 12 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከተለመደው ከ10 እስከ 15 በመቶ ውስጥ ነው። ከ20 በመቶ በእጅጉ ከበለጠ ፕሮፔለሩ መጎዳቱን ወይም አየር መሳቡን መመርመር ይገባል።

ምልክቶችና መፍትሔዎች

የጀልባው አፍንጫ በተደጋጋሚ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሞተሩ ወደ ውጪ ከልክ በላይ አዘንብሏል፣ ወይም ጭነቱ ወደ ኋላ በዝቷል። የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ወደ ጀልባው ማስጠጋትና ጭነቱን ወደ ፊት ማዛወር ይረዳል። ካልተስተካከለ የጀልባው የታችኛው ገጽ መጣመሙ ይፈተሻል።

በከፍተኛ ፍጥነት ከጎን ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ነዳጁ ቀስ ተብሎ ይቀነሳል፤ ከዚያም የመሪው መላላት፣ የሞተሩ ማሰሪያ ብሎኖችና የግራና የቀኝ ጭነት ሚዛን ይመረመራሉ።

ጀልባው ሲታጠፍ ዙሩ በድንገት ጨምሮ ፍጥነቱ ከቀነሰ ፕሮፔለሩ አየር ስቧል። ሞተሩ ዝቅ ይደረጋል ወይም ወደ ጀልባው ይጠጋል። መነሻው ልክ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከጀልባው የታችኛው ገጽ ጋር መስተካከሉ ነው። ለፍጥነት ሲባል ከዚያ በላይ ከፍ የሚደረግ ከሆነ የማቀዝቀዣ ውሃ ግፊት መለኪያን መከታተል ግዴታ ነው።

መሪው ከብዶ አፍንጫው ውሃውን የሚቀድ ከሆነ ሞተሩ ወደ ውስጥ ከልክ በላይ ተጠግቷል፤ በመጠኑ ወደ ውጪ ይመለሳል።

በጣና የተስፋፋው የእምቦጭ አረምም በፕሮፔለሩ ላይ ሊጠመጠምና የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ሊደፍን ስለሚችል፣ ከሞተሩ የሚወጣው የውሃ ቀጭን ፍሰት መቋረጡ እንደታወቀ ሞተሩ መጥፋት አለበት።

የአሠራር ሥርዓት

በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ውጤቱም ከነጭነቱና ከነነፋሱ ሁኔታ በመዝገብ ይሰፍራል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በሙከራው ወቅት ተሳፋሪ አይጫንም፤ ነጂውም ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሶ የድንገተኛ ማቆሚያውን ገመድ በአካሉ ላይ ያስራል። እንዲህ ተሟልቶ የተያዘ መዝገብ የግዥ ጥያቄ ሲቀርብ ሞተሩ በእርግጥ ማነሱን ወይም ጉድለቱ የአገጣጠም መሆኑን ለኃላፊው በግልጽ ያሳያል።