አፈር አልባ የጣሪያ እርሻ በአዲስ አበባ፦ የዝናብ ውሃና የተፈጥሮ ማዳበሪያ

አፈር አልባ እርሻ፣ ማለትም የእፅዋት ሥር በአፈር ምትክ ንጥረ ምግብ በሟሟበት ውሃ የሚያድግበት የአመራረት ስልት፣ ለከተማ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ውሃው ከየት ይመጣል የሚል ነው። በአዲስ አበባ ግን የዓመቱ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብም በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሚሆን፣ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን አንድ አምስተኛው ባክኖበት እንኳ በዓመት 80,000 ሊትር ወደ አሸንዳው ያወርዳል። የሚያስቸግረው አብዛኛው ውሃ ከሰኔ እስከ መስከረም መውረዱ፣ ለበጋው የሚቀመጠውም ከባድ መሆኑ ነው። አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ (የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ) ሲሞላ ከ1 ቶን በላይ ስለሚመዝን፣ ማጠራቀሚያው መሬት ላይ ቢቆም፣ አትክልቱም በባሕር ዛፍ ማገር በተሠራ የቆርቆሮ ጣሪያ ሳይሆን ጭነቱ በመሐንዲስ በተሰላ የኮንክሪት ሶሌታ ላይ ቢተከል ይመረጣል። ከበጋው በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ አቧራና የወፍ ኩስ፣ ከቆርቆሮውም ልባጥ የሚታጠብ ዚንክ ይዞ ስለሚወርድ፣ ወደ ሮቶው ሳይገባ መደፋት አለበት።

ከውሃው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ማዳበሪያው ነው። በፍግና በብስባሽ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ከካርቦን ጋር የተጣመረ በመሆኑ ሥር እንዳለ ሊወስደው አይችልም፤ በአፈር ውስጥ ደቂቅ ተህዋስያን መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የፍግ ጭማቂ በቀጥታ ወደ ተክሉ ገንዳ ሲጨመር ግን እነዚሁ ተህዋስያን የውሃውን ኦክስጅን ተሻምተው ስለሚጨርሱት፣ ነጭ የነበረው ሥር ቡናማ ሆኖ ይላሽቃል፣ ይበሰብሳልም። በ2011 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት መፍትሔውን አሳይቷል፦ ከብስባሽ የተገኙ ተህዋስያን አየር በሚነፋበት ውሃ ውስጥ እንዲራቡ ተደርጎ፣ ማዳበሪያው በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ናይትሬት እስኪፈጠር ይጠበቃል፤ ተክሉ የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በተፈጥሮ ማዳበሪያ ተመሥርቶ ይህን ቅድመ ዝግጅት የዘለለ የጣሪያ እርሻ የመሳካት ተስፋው አነስተኛ ነው።

የዝናብ ውሃ እዚህ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጨዋማ አለመሆኑ በጎ ቢሆንም፣ አሲድነትን የሚያረጋጉ ማዕድናት ስለሚጎድሉት፣ ናይትሬት በሚፈጠርበት ሂደት ውሃው በፍጥነት አሲዳማ ይሆናል፤ አሲድነቱን የሚለካው ፒኤች የተባለው ቁጥር ለአብዛኞቹ አትክልቶች ከሚስማማው ከ5.5 እስከ 6.5 ካለው ክልል ወርዶ ሲገኝ፣ የእንጨት አመድ በትንሹ ተበጥብጦ ቢጨመር አሲዱን ያበርዳል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል። የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ በኮምጣጤ ሲሟሟ ተክሉ የሚፈልገውን ካልሲየም ያስገኛል።

የስልቱን የውሃ ቁጠባና የኃይል ወጪ በተመለከተ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ የወጣ ስሌት፣ 1 ኪሎ ሰላጣ በአፈር አልባ ስልት 20 ሊትር፣ በተለመደው እርሻ 250 ሊትር ውሃ እንደሚፈልግ፣ የኃይል ፍጆታው ግን ከ80 እጥፍ በላይ እንደሚሆን አመልክቷል። ከዚህ ኃይል አብዛኛው የሚውለው ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ስለሆነ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ለዘብተኛ አየሯ ይህን ወጪ በአብዛኛው ያስቀርላታል፤ የሚቀረው የፓምፕና የአየር መንፊያ ኤሌክትሪክ ነው። ለጅምሩ የሚስማሙትም ብዙ ፖታሲየምና ካልሲየም ከሚሻው ቲማቲም ይልቅ ሰላጣና ቆስጣ ናቸው፤ ሰላጣ በጥሬው ስለሚበላ ግን ከፍግ የተዘጋጀው ውሃ ቅጠሉን እንዳይነካ የገንዳው ክዳን በተክሉ አንገት ዙሪያ ገጥሞ መዘጋት ይኖርበታል።