ዜማና ሥዕል በሻንቲኒኬታን ትምህርት ቤት

የራቢንድራናት ታጎርን ስም ያልሰማ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ቤንጋላዊው ባለቅኔ በ1913 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከእስያ የመጀመሪያው ሆኖ መቀበሉ ተደጋግሞ ተነግሯል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ያልተነገረለት ግን ይኸው ሰው አርባ ዓመት ሙሉ የአንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የልጆች ዜማ ደራሲ፣ ሲቸግረውም ገንዘብ ለማኝ ሆኖ መኖሩ ነው። እዚህ ላነሳ የፈለግሁት ይህንን ነው። ዜማና ሥዕል ለልጅ «ጊዜ ከተረፈ» የሚሰጥ ነገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ እንዲህ በተግባር የተጋፈጠ ትምህርት ቤት እምብዛም የለም፤ ያስከፈለውም ዋጋ በግልጽ ይታያል።

ቦታው በሕንድ አገር በቤንጋል፣ ከቦልፑር ከተማ አጠገብ ነው። መሬቱ ቀይ፣ ደረቅና ጠጠር የበዛበት ነበር። አባቱ ደቤንድራናት በ1863 መሬቱን ይዘው የጸሎትና የጽሞና ቤት አሠሩበት፤ ስሙንም ሻንቲኒኬታን፣ ማለትም የሰላም ማደሪያ አሉት። ልጃቸው በታኅሣሥ ወር 1901 በዚሁ ቦታ ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ አምስት ነበሩ። አምስት ብቻ! ከአምስቱም አንዱ የራሱ ልጅ ነው። (በአገራችን ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሕንዳውያን መምህራን ሲነሱ ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት ሒሳብና ፊዚክስን ነው። ከዚያው አገር እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መውጣቱ ለእኔ ሳይገርመኝ አልቀረም።)

ታጎር ራሱ በልጅነቱ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አይወድም ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዛወርም አንዱንም አልጨረሰ፤ የተማረው ቤት ውስጥ፣ ዘፈንና ቴአትር በማይጠፋበት ሰፊ ቤተሰብ መካከል ነው። ያ ጥላቻ በ1918 የበቀቀኗን ተረት አስጻፈው። ንጉሡ ዘፋኟ በቀቀን ትማር ብሎ ያዝዛል። ሊቃውንት ይሰበሰባሉ፤ ከወርቅ ማጎሪያ ይሠራላታል፤ አናጢው፣ ጸሐፊው፣ ተቆጣጣሪው ሁሉ ከሥራው ይከብራል፤ እሷ ግን የመጻሕፍት ወረቀት በአፏ ይጎሰጎስባታል። መጀመሪያ ዘፈኗ ይቆማል፣ ቀጥሎ ትሞታለች። ንጉሡ በጣቱ ጫን ሲላት ከሆዷ የሚሰማው የወረቀቱ መንኮሻኮሽ ብቻ ነው። ተረቱ አጭር ነው፤ አግኝታችሁ አንብቡት፤ በተለይ የፈተና ሰሞን።

እንግዲህ በሻንቲኒኬታን ልጁ ትንሽ ምንጣፉን ይዞ ከማንጎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ዝናብ ካልመጣ በቀር ትምህርቱ ደጅ ነው። ቀኑ በዜማ ይከፈታል። ዜማውም የወቅቱ ነው፤ የዝናቡ ወራት የራሱ አለው፣ የጸደዩም እንዲሁ። ስለዚህ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ተብሎ ተለይቶ ደወል ከሚደወልለት ይልቅ፣ ልጁ ዓመቱን እየዘመረ ያሳልፈዋል ማለት ይቀላል። የዜማው መምህር ዲኔንድራናት የታጎር የወንድም ልጅ ልጅ ነበር። ታጎር ዜማ ይደርስና ወዲያው ይረሳዋል፤ ስለዚህ ገና ሳይጠፋ ዲኔንድራናት ይጠራል፣ ይይዘዋል፣ በኖታ ይጽፈዋል፣ ለልጆቹ ያስተምራል። ዛሬ በቤንጋል ከሚዘፈኑት የታጎር ዜማዎች ስንቱ በዚህ መንገድ እንደተረፈ አስቡት!

ለልጆቹ ከተጻፉት ተውኔቶች አንዱ የ1908ቱ «ሻራዶትሳብ» ነው። ሻራድ ዝናቡ የሚያባራበት ወቅት ነው፤ የእኛን መስከረም ይመስላል። ልጆች ለበዓል ሲወጡ አንዱ ብቻ የሞተውን ጌታውን ዕዳ ለመክፈል ተቀምጦ ጽሑፍ ሲገለብጥ ያገኙታል። በተውኔቱ ውስጥ የሴት ገጸ ባሕርይ የለም፤ የሚጫወቱት የትምህርት ቤቱ ወንዶች ልጆች ናቸውና። ይህን ደስ የሚል ነገር ታጎር የጻፈው መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። ሚስቱ ምሪናሊኒ ትምህርት ቤቱ እንዲቆም ጌጣጌጧን ሸጣ፣ ለተማሪዎቹ ምግብ ስታበስል ከርማ፣ ዓመት ሳይሞላ በ1902 ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት ሴት ልጁ ሬኑካ ሞተች። በ1907 ደግሞ የመጨረሻ ልጁን ሻሚንድራናትን ገና በልጅነቱ ኮሌራ ወሰደበት። በዓመቱ ለሰው ልጆች የበዓል ጨዋታ ጻፈ።

ሥዕሉን የያዘው ናንዳላል ቦስ ነው። ካላ ብሃባና የተባለው የኪነ ጥበብ ክፍል በ1919 ተቋቋመ፤ ናንዳላልም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኃላፊው ሆኖ እስከ 1951 ቆየ። የአውሮፓ ሐውልት ግልባጭ አስቀምጦ «ይህንን ቅዱ» ማለት በካልካታ የተለመደ ነበር፤ እሱ ግን ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አወጣ፤ ቅጠሉን፣ ጎሹን፣ የሳንታል ገበሬዎችን መንደር እዩ አላቸው። በበዓል ቀን በሩዝ ሊጥ መሬት ላይ የሚሣለው የቤንጋል ሴቶች ጌጥ እንኳ እዚህ የትምህርት ማዕርግ አገኘ። በ1930 ታጎር «ሳሃጅ ፓት» የተባለ የፊደል መማሪያ ሲያዘጋጅ ሥዕሎቹን የሠራው ናንዳላል ነው፤ ያን የሚያህል ሠዓሊ ለሀ ሁ መጽሐፍ ሥዕል መሥራቱን እንደ ውርደት አልቆጠረውም።

ጭፈራው ግን ጣጣ አመጣ። ታጎር በ1919 በሲልሄት የማኒፑር ጭፈራ አይቶ ወደደውና አስተማሪ አስመጣ። በዚያን ጊዜ በካልካታ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ጨፈረች ማለት ስሟ ጠፋ ማለት ነበር። «ናቲር ፑጃ» የተባለው ተውኔት በ1927 በካልካታ ሲቀርብ የጨፈረችው የናንዳላል ልጅ ጋውሪ ናት። ታጎር፣ ያን ጊዜ ስልሳ አምስት ዓመቱ፣ ወሬኛው አፉን እንዲይዝ ለራሱ የመነኩሴ ቦታ ጽፎ አብሮ መድረክ ላይ ወጣ። ስለ ሴቶች ትምህርት ከተጻፉ ብዙ መግለጫዎች ይልቅ ይህ አንድ ምሽት ይከብድብኛል።

ገንዘቡስ? የቅኝ ገዥው መንግሥት አልረዳም። እንዲያውም ከኖቤሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የምሥራቅ ቤንጋልና የአሳም አስተዳደር ሠራተኞቹ ልጆቻቸውን ወደዚያ እንዳይልኩ በሰርኩላር አሳስቧል። የሽልማቱ ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ጥቅም ዋለ፤ አልበቃም። በ1936፣ ሊሞት አምስት ዓመት ሲቀረው፣ ሽማግሌው የተማሪ ጓድ አስከትሎ በየከተማው ቴአትር እያሳየ ይዞር ነበር። ዴልሂ ላይ ማኅተመ ጋንዲ ይህንን ሰምቶ አላስቻለውም፤ የጎደለውን 60,000 ሩፒ አፈላልጎ ሰጠው።

ይሁን እንጂ ውዳሴ ብቻ ልጽፍ አልተነሣሁም። ለመሆኑ የማን ልጆች ነበሩ እነዚህ? መጀመሪያ ክፍያ አልነበረም፤ ኋላ ግን ግድ ሆነ፤ ከፋዩም በአብዛኛው የከተማው የተማረ ቤተሰብ ነው። የሳንታል ገበሬ በሥዕሉ ውስጥ ሞልቷል፤ ልጁ ግን ምንጣፉ ላይ እምብዛም አይታይም። ወላጆችም የመልቀቂያ ፈተና ይሰጥልን ብለው ነዘነዙ፣ ፈተናውም ገባ። ታጎር ነገሩ ገብቶት ይመስላል፣ በ1924 ለድሃ የገጠር ልጆች «ሺክሻ ሳትራ» የሚባል ሌላ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እዚያ ሽመናና አትክልት ከፊደሉ ጋር አብረው ይሄዳሉ። መልካም ነው። ግን ለአንዱ ልጅ ተውኔት፣ ለሌላው ሽመና የሆነበት ምክንያት እኔን አሁንም ያከራክረኛል፤ እዚያ ዜማ ነበረ ቢባልም እንኳ ክፍፍሉን አያጠፋውም።

ለክርክሩ ሁለተኛ ወገን የምጠራው ምስክር ቢኖድ ቢሃሪ ሙከርጂ ነው። ሲወለድ አንድ ዓይኑ አያይም፣ ሌላው በጣም ደካማ ነው፤ በዚህም የተነሣ መደበኛ ትምህርት አልሆነለትም። በ1917 ሻንቲኒኬታን ተቀበለው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሥዕል ተማሪ ሆነ፤ እንግዲህ ዓይኑ ለማያይ ልጅ ሥዕል! በኋላ እዚያው መምህር ሆኖ በ1947 በሂንዲ ብሃባና ግድግዳዎች ላይ የመካከለኛውን ዘመን የሕንድ ቅዱሳን ሕይወት ሣለ፤ ከእነዚያ ቅዱሳን ውስጥ ሸማኔና ጫማ ሰፊ ይገኙበታል። የፊልም ሠሪው ሳትያጂት ራይ ተማሪው ነበር። ሃምሳዎቹን ሲጀምር የዓይን ቀዶ ሕክምና ሳይሳካ ቀርቶ ፈጽሞ ታወረ። ወረቀት እያጠፈና በመቀስ እየቆረጠ ቅርጽ ማውጣት ጀመረ። በ1972፣ ከታወረ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በተማረበት በካላ ብሃባና ግድግዳ ላይ የሸክላ ንጣፍ ሥዕል ሠራ።