ሰብለ ወንጌል በታሪክና በልብ ወለድ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ፣ በአባቷ የዘር ኩራት ሳታገባ ቆይታ መምህሯን በዛብህን የወደደችውን፣ ሰብለ ወንጌል አሏት፤ ትርጓሜውም የወንጌል እሸት ነው።

ከእርሷ አስቀድሞ ግን በዚሁ ስም የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ፤ እኒህ እመቤት ባላቸው ካረፉ በኋላ፣ በጠፍር ገመድ ብቻ ከሚወጣበት ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው ከፖርቱጋል ወታደሮች ጋር ዘመቱ። በ1535 ዓ.ም. የዘመቱበት ጠላት ግራኝ አሕመድ ሲወድቅ የተማረከው ልጁ መሐመድ ለእናቱ ለድል ወንበራ ተመልሶ፣ በለውጡ በየመን ምርኮኛ የነበረው የእቴጌዪቱ ልጅ ሚናስ ወደ አገሩ ገባ፤ በዚያ ሁሉ ደም መካከል ሁለት እናቶች የየልጆቻቸውን ፊት ዳግመኛ ማየታቸው፣ ለእኔ ከዘመኑ ድል ሁሉ ይበልጣል። ሚናስም በ1551 ዓ.ም. ወንድሙን ዐፄ ገላውዴዎስን ተክቶ ነገሠ።