የካንሰርን ዘረ መል ከጤነኛው ጋር ማነጻጸር፦ “ጤነኛ” የሚባለው ናሙና ከየት ይመጣል?

በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይይዛሉ። የጉበትን ሕዋስ ከአንጎል ሕዋስ የሚለየው ፕሮቲን ከሚያሠሩት 20 ሺህ ገደማ ዘረ መሎች መካከል የትኞቹ በሥራ ላይ መሆናቸው ነው። በሥራ ላይ ያለ ዘረ መል ትእዛዙን በአርኤንኤ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ አርኤንኤው ሲቆጠር ዘረ መሉ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ይታወቃል። በሳይንሱ ቋንቋ ይህ የዘረ መል አገላለጽ ይባላል።

ካንሰር ይህን ሥርዓት ያዛባል። መዛባቱን ማወቅ ለሕክምና የሚሰጠውን ጥቅም የጡት ካንሰር በግልጽ ያሳያል። ከታማሚዎቹ ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ዘንድ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በዕጢው ላይ ከልክ በላይ ይመረታል። ይህንኑ ፕሮቲን ለይቶ የሚያጠቃው ትራስቱዙማብ የተሰኘ መድኃኒት እአአ በ1998 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ተመራማሪዎች ሌሎች ተመሳሳይ ዒላማዎችን ለማግኘት የዕጢን ናሙና ከጤነኛ ሕብረ ሕዋስ ጋር ያነጻጽራሉ።

ለዚህ ሥራ ትልቁ ምንጭ የአሜሪካ የካንሰርና የጂኖም ምርምር ተቋማት በ2006 የጀመሩት የካንሰር ጂኖም አትላስ፣ በምህጻሩ ቲሲጂኤ ነው። ከ11 ሺህ በላይ ታማሚዎችንና 33 የካንሰር ዓይነቶችን ያካትታል። ይሁን እንጂ መዝገቡ የተደራጀው በዋናነት ስለ ዕጢ ለማወቅ ነው። የአርኤንኤ መረጃ ከተገኘላቸው 9,736 የዕጢ ናሙናዎች ጎን የተቀመጡት ጤነኛ ናሙናዎች 726 ብቻ ነበሩ። ለቆሽት ካንሰር ደግሞ ለ179 የዕጢ ናሙናዎች የተገኙት ጤነኛ ናሙናዎች አራት ናቸው።

እነዚህም ቢሆኑ የተወሰዱት ከካንሰር ታማሚዎች፣ ከዕጢው አጠገብ ካለ ሥጋ ነው። በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለሐኪም ዓይን ጤነኛ የሚመስለው ይህ ሥጋ በዘረ መል አገላለጹ በጤነኛና በታመመ ሕብረ ሕዋስ መካከል ያለ ነው። የዕጢው ጎረቤት ከመቆጣት አላመለጠም።

ጉድለቱን ለመሙላት ተመራማሪዎች ወደ ሌላ መዝገብ ፊታቸውን አዞሩ። በ2010 የተጀመረው ጂቴክስ ካንሰርን የሚያጠና ፕሮጀክት አይደለም፤ በአብዛኛው ሕይወታቸው ካለፈ ለጋሾች ከበርካታ የሰውነት ክፍሎች ናሙና የሰበሰበ ነው። ሆኖም ሁለቱን መዝገቦች እንዲሁ ደምሮ ማነጻጸር አይቻልም። በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች፣ በተለያየ አሠራር የተዘጋጁ በመሆናቸው የሚታየው ልዩነት የበሽታው ይሁን የአሠራሩ አይታወቅም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ20 ሺህ በላይ ናሙናዎችን ከጥሬ መረጃቸው ጀምረው በአንድ ዓይነት ስሌት እንደገና አሠሩ፤ ውጤቱም ዚና በተባለው የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ስሌቱ አንድ ቢሆንም፣ ናሙናው ሲወሰድ የነበረው ልዩነት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2017 ይፋ የሆነው ጌፒያ በዚሁ መረጃ ላይ የቆመ ነው። ኮምፒውተር የማዘዝ ልምድ የሌለው ሐኪም ወይም ተማሪ እንኳ የአንድን ዘረ መል ስም ጽፎ፣ ዕጢውን በቀይ ጤነኛውን በግራጫ የሚያሳይ ሥዕል በቅጽበት ያገኛል። በጌፒያ ቆሽትን የጠየቀ ሰው በ179ኙ የዕጢ ናሙናዎች አንጻር 171 ጤነኛ ናሙናዎችን ያያል፤ ከእነዚህ 167ቱ የጂቴክስ ናቸው። ማነጻጸሪያውን በቲሲጂኤ ናሙናዎች ብቻ መወሰንም ይቻላል። ሁለቱንም ሞክሮ ውጤቱ ይጸና እንደሆነ ማየት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ፣ ግን ብዙዎች የሚዘሉት ፍተሻ ነው።

ቆሽት ሌላም ወጥመድ አለበት። ጤነኛ ቆሽት በአብዛኛው ምግብ የሚያፈጩ ኢንዛይሞችን በሚያመርቱ ሕዋሳት የተሞላ ነው። የተለመደው የቆሽት ካንሰር ግን የቦይ ሕዋሳትን የሚመስልና በጠባሳ መሰል ሥጋ የተከበበ ነው። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የኢንዛይሞቹ ዘረ መሎች በእጅጉ “ቀንሰው” ይታያሉ፤ ይህ ግን በአብዛኛው አምራቾቹ ሕዋሳት በናሙናው ውስጥ በማነሳቸው የመጣ ነው። ሥዕሉ ውሸት አልተናገረም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነበር።

የራሳቸውን ናሙና የሚመረምሩ ባለሙያዎች ዲሴክ-2 እና ኤጅ-አር በተባሉ ነጻ መርኃ ግብሮች ይጠቀማሉ። ሁለቱም የሚፈልጉት ጥሬውን የአርኤንኤ ቆጠራ እንጂ አስቀድሞ የተስተካከለ ቁጥርን አይደለም። 20 ሺህ ዘረ መሎች በአንድ ጊዜ ሲፈተሹ ደግሞ፣ አንዳቸውም በእውነት ባይለወጡ እንኳ፣ በተለመደው የ5 በመቶ መለኪያ አንድ ሺህ ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ የተለወጡ ይመስላሉ። መርኃ ግብሮቹ ይህን የሚያርም ስሌት አላቸው፤ አንባቢም በጥናቱ ውስጥ የታረመው ቁጥር መቅረቡን ማየት ይኖርበታል።

በሁለቱም መዝገቦች አብዛኞቹ ሰዎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ጥቁር አሜሪካውያን ቢካተቱም የዘር ሐረጋቸው በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ የሚመዘዝ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ለሚታከም ኢትዮጵያዊ፣ የሥዕሉ ግራጫ ክፍል የእርሱን ዓይነት ሰዎች እምብዛም አይወክልም።

የአርኤንኤ መብዛት ሁልጊዜ የፕሮቲን መብዛት ማለት አይደለም። መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚያነጣጥሩት ደግሞ ፕሮቲን ላይ ነው። ስለሆነም ተመራማሪዎች ጌፒያ ላይ ያገኙትን ዘረ መል፣ ቀለም የተቀቡ የሕብረ ሕዋስ ምስሎችን በያዘው በስዊድኑ የሰው ልጅ ፕሮቲን አትላስ ይፈትሹታል፤ ቀጥሎም ወደ ቤተ ሙከራ ይወስዱታል።