ጋንግሪን፦ ስሙና ምንጩ

ጋንግሪን የአካል ክፍል ደም ሲቋረጥበት ወይም ባክቴሪያ ሲወርረው የሚደርስበት ሞት ነው። ስሙ በላቲን በኩል ያለፈ የግሪክ ቃል ነው። «ጋንግራይና» ሥጋን እየቦረቦረ የሚበላ ቁስል ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት የሐሰት ትምህርትን የመሰለው በዚሁ ቃል ሲሆን፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ጭንቁር» ይለዋል። «ኔክሮሲስ» ግን ሬሳ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣና ሰፋ ያለ ነው፤ ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ ሞት ኔክሮሲስ እንጂ ጋንግሪን አይባልም።

ስም አውጪዎቹ የተናገሩት ዓይናቸው ያየውን ነው። በደረቁ ጋንግሪን ግን የሚበላ ነገር የለም። ደም ወሳጁ ቧንቧ ይዘጋል፤ ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፤ በሞተውና በሕያው ሥጋ መካከልም ወሰን ይለያል። ለስሙ የሚቀርበው እርጥቡ ነው፦ ባክቴሪያ ገብቶበት ያብጣል፣ ይሸታል፣ በፍጥነትም ይዛመታል። ሦስተኛው ጋዝ ጋንግሪን ነው። አፈር ውስጥ የሚኖሩት ክሎስትሪዲየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ከቆዳ ሥር ጋዝ ስለሚፈጥሩ ቦታው ሲነካ ይንኮሻኮሻል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፍግ በዳበረው የፈረንሳይና የቤልጂየም እርሻ ላይ የቆሰሉ ብዙ ወታደሮችን ፈጅቷል።

በሽታው ቤተ መንግሥትም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1687 የሙዚቃ ደራሲው ዣን ባቲስት ሉሊ፣ ሉዊ 14ኛ ከቀዶ ሕክምና በመዳኑ የተዘጋጀውን የምስጋና ዜማ ሲመራ ምት በሚመታበት ዘንግ እግሩን ወጋ። ጋንግሪን ሲይዘው እግሬ አይቆረጥም አለ፤ ሞተ። ንጉሡም በ1715 የሞተው በእግር ጋንግሪን ነው። ሐኪሙ ፋጎን በመጀመሪያ የነርቭ ሕመም ነው ብሎት ነበር።

እህልም መንስኤ ይሆናል። ኤርጎት የተባለው የሰብል ሻጋታ ደም ሥሮችን አጥብቆ ያጠብባል፤ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ውጤቱ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ይባል ነበር። ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 በወሎ ኤርጎት ያለበት ሲናር ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ተበልቶ ሰዎች እግራቸውን አጥተዋል፣ ሞተዋልም። በ2001 ደግሞ በአርሲ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ታይቷል።

ዛሬ ብዙውን ጊዜ መንስኤው የስኳር በሽታ ነው። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ ላያም ይችላል፤ ስለዚህ ታማሚው የእግሩን ጣቶች በየቀኑ መመልከት፣ የጠቆረ ወይም የቀዘቀዘ ቦታ ካየም ሳያመው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።