የተሳቢ መብራትና የአሰብ መንገድ

ሲራራ ነጋዴ ከቆላው ጨውና ሸቀጥ ጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ ከብቱን አራግፎ፣ እሳት አንድዶና ዘብ አቁሞ የሚያድር ስለ ነበረ፣ በቀደመው የመንገድ ሥርዓታችን ሌሊት የዕረፍት እንጂ የጉዞ ጊዜ አልነበረም። ሌሊቱን ለጭነት የከፈተው አውቶሞቢል ነው። እርሱም ቢሆን በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ወደ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከተማ ይዞት በደረሰ ጊዜ፣ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው የመኪና መብራት በጋዝ ወይም በዘይት የሚነድ ፋኖስ ነበረ፤ የኤሌክትሪክ መብራት ከኤሌክትሪክ ማስነሻ ጋር ተጣምሮ ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ነው።

እኔ ልናገርለት የምወደው ግን ከኋላ የሚጎተተውን የተሳቢውን መብራት ነው። ስለ ፊት መብራት ሾፌሩም ባለንብረቱም ያስባሉ፣ መንገዳቸውን የሚያዩበት እርሱ ነውና፤ የኋላው ብርሃን የሚያገለግለው ከበስተኋላ የሚመጣውን እንግዳ ሰው ስለ ሆነ፣ ጠፍቶ ቢሰነብት እንኳ ጌታው ጉድለቱ ሳይሰማው ይኖራል።

ተሳቢ በብዛት በሀገራችን መንገድ ላይ የታየው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ፣ ሠራዊታቸውንና ስንቃቸውን ከምጽዋና ከአሰብ ወደቦች ወደ መካከለኛው ሀገር ለማድረስ መንገድ ሲያወጡና የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ ሲበሱ፣ ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ ብሎ የጠራው ፊያት 634 ከእነ ተሳቢው በዚያ ዳገት ይመላለስ ጀመር። ከነጻነት በኋላ ከመካኒኮቻቸው ጥቂት የማይባሉ በዚሁ ቀርተው ጋራዥ ስለ ከፈቱ፣ መፍቻ በማቀበልና ባትሪ በመሸከም የጀመሩ ልጆች እያዩ ተምረው፣ በየመንገዱ ዳር ከተሞች የራሳቸውን ሥራ ያቆሙ ኤሌክትሪሺያኖች ሆኑ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሲገኝ፣ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራውን ሲጀምር፣ ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ተሳቢውን አስከትሎ ሌት ተቀን የሚመላለስበት የአሰብ መንገድ የእነዚህ ሰዎች ትምህርት ቤት ሆነ።

ያ መንገድ ለሽቦ እጅግ ክፉ ነበር። አሰብ ላይ ጨው ያዘለው የባሕር አየር የመዳብ ሽቦውን ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል፤ በዳናክል በረሓ ሙቀቱ የሽቦውን ልባስ ያደርቀዋል፣ ኮረኮንቹ ያላላዋል፣ አቧራው ሶኬቱን ይሞላዋል፤ መኪናው ከሚሌ ተነሥቶ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ፣ በቀትር እንኳ ሰውን ከሰው በሚሰውረው ጉም ውስጥ ይገባል። የተሳቢው መብራት ከሁሉ አብልጦ በሚያስፈልግበት በዚያ ስፍራ፣ በረሓው ያበላሸው ሽቦ ጉድለቱን ይገልጣል።

ብልሃተኛው ኤሌክትሪሺያን በዚህ ጊዜ አምፖል ለመለወጥ አይቸኩልም። አስቀድሞ የተሳቢውን ሶኬት ነቅሎ፣ ሁለት ሽቦ በታሰረበት አምፖል የመኪናውን ሶኬት እግር በእግር ይፈትናል፤ ፍሬቻውም፣ የፍሬን መብራቱም፣ የኋላው መብራትም በዚያ ከበሩለት ጥፋቱ ከተሳቢው ወገን መሆኑን ያውቃል። በአውሮፓው ባለ ሰባት እግር ሶኬት ሥርዓት ነጩ ሽቦ ማሳ ማለት የኤሌክትሪኩ መመለሻ፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ፣ ቀዩ የፍሬን መብራት ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ እንደ ሆነ፣ ወይም ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቍጥር የኋላው መብራት የሚፈዝ እንደ ሆነ፣ የሚመረመረው ማሳው ነው፤ በአንድ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን የራሱን መንገድ ቢያጣ በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ለመመለስ ይታገላልና። ነጩ ሽቦ ተበጥሶም መብራቱ አንዳንድ ጊዜ ይበራል፤ ይኸውም ኤሌክትሪኩ በመጎተቻው ብረት በኩል ስለሚመለስ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጭና ብረት ከብረት ሲላቀቅ ግን ያው መብራት ይጠፋል፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሲቆም ተመልሶ ይበራል፣ ባለቤቱም ተፈወሰልኝ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ኤሌክትሪሺያኑ ከመጎተቻው ሥር ተንጋልሎ ይገባና፣ ማሳው የታሰረበትን ብሎን ፈትቶ፣ የሽቦውን ቀለበትና የሻሲውን ብረት ቀለሙና ዝገቱ ለቆ እስኪያበራ ድረስ በቢላዋ ፍቆ፣ መልሶ አጥብቆ ያስረዋል። ከዚህ ሥራ የሚበልጥ ጥበብ በአዲስ አምፖል ሣጥን ውስጥ የለም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በልዩ ልዩ ሀገር የተሠሩ መኪናዎች የእርዳታ እህል ሲያመላልሱ፣ የሥራው ጭንቀት በዛ። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ በአውሮፓ ሥርዓት 24 ቮልት፣ በአሜሪካው ግን 12 ቮልት ነው፤ የ12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት ላይ ቢገጠም ወዲያው ይቃጠላል፣ የ24ቱ በ12 ላይ ቢገጠም በጉም ውስጥ የማይታይ ፍም ብቻ ይሆናል።

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ጭነቱ ሁሉ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ጨውና ሙቀቱ ግን በዚያም አልቀረም። ስለዚህ እናንተ የተሳቢ ባለንብረቶች፣ ማሳውን ለመጎተቻው ብረት አደራ አትስጡ፤ ከሶኬቱ እስከ መጨረሻው መብራት ድረስ የራሱን ሽቦ አስዘርጉለት፣ የኤሌክትሪሺያኑንም ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ረዳቱ ከኋላ ይቁም፤ ሾፌሩም ፍሬን እየረገጠና ፍሬቻውን በቀኝ በግራ እያበራ ያሳየው፤ ከመብራቱ አንዱ እንኳ ያልበራ እንደ ሆነ ያ ተሳቢ ሳይሠራ በሌሊት አይውጣ።